ኅዳር ሲታጠን የነደደው ቤንዚን

ጥቅምት 12፣ ማክሰኞ። ረፋድ

ዘነበ ነው። ሌላ ማንም አይደለም። መኪናዬን እየገደለ ያለው ሹፌሬ ዘነበ ነው።

ዛሬም ከሃይሌ ጋርመንት አትክልት ገበያ ሽንኩርት ጭነን ወጣን። ሜዳው ላይ ደህና። ዳገቱን ስትጀምር ማንኳኳት። ቅል ውስጥ ጠጠር ከትተው እንደሚያንቀጫቅጩት። አንድ የሚኒባስ ረዳት በመስኮት ብቅ ብሎ፣ “እማማ፣ ሞተሩ በር እያንኳኳ ነው፣ ክፈቱለት!” አለ። ታክሲው ሙሉ ሳቀ። እኔ ወደ ፊት ብቻ አየሁ። አሮጊት ሲሳቅባት ወደ ፊት ነው የምታየው።

ዘነበ ቤንዚኑ ነው ይላል። ቤንዚኑ! ማደያ ቤንዚን ከጠፋ ጀምሮ ከጋራዡ በጄሪካን የሚልክልኝ መኮንን ነው። ሰው ሁሉ ወረፋ ላይ ሲያድር እኔ አልጋዬ ላይ አድራለሁ፣ በእሱ ምክንያት። ሹፌር ተብዬው እግሩን እንደ ድንጋይ ይጭንባትና ጥፋቱን የሰው ደግነት ላይ ይለጥፋል።

ደብተሬ፣ መኪናዋን አታውቃትም። አሮጌ ፒካፕ ናት፣ በቤንዚን የምትሄድ። ሰማያዊ ነበረች፤ አሁን ምን እንደሆነች እንጃ። ባሌ ወልዴ ትቶልኝ የሞተው እሷን ነው። ልጅ እግዜር አልሰጠንም። ሽንኩርትና ቲማቲም ለላፍቶና ለለቡ ሱቆች አደርስባታለሁ። በእሷ እበላለሁ። እሷ ከቆመች ወደ ድሮዬ መመለሴ ነው፣ በላምባ ምድጃ ፓስቲ መጥበስ። ሃያ ዓመት ጠብሻለሁ። ጉልበቴ ዳግመኛ አይችለውም።

ሐሙስ መኮንን ያያታል።

ጥቅምት 14፣ ሐሙስ። ማታ

ለቡ መብራት ኃይል፣ መኮንን ጋራዥ ዋልኩ።

መኮንን የወልዴ አንደኛ ሚዜ ነው። በሠርጌ ቀን ከበቅሎ አውርዶ፣ በጀርባው አዝሎ ወልዴ ቤት ያስገባኝ። እግሬ መሬት አልነካም። አንተ ወረቀት ነህ፣ አታገባም፣ ስለዚህ ልንገርህ። ሚዜ ማለት በሽማግሌ ፊት ‘ከዛሬ ወዲያ ወንድሟ እኔ ነኝ’ ብሎ ቃል የሚገባ ሰው ነው። ወልዴ ሲያስቀይመኝ የማመለክተው ለእሱ ነበር። ወልዴን ተቆጥቶልኝ ያውቃል። ወልዴ ሲሞት ድንኳን ያስተከለው እሱ። ‘በጣት መፈረም ይብቃሽ’ ብሎ ማታ ትምህርት ያስመዘገበኝም እሱ። አርባ አልፎኝ ነበር። ይህን የምጽፍበት ፊደል ራሱ የእሱ ምክር ነው።

ሞተሩን አስነሳ። ጆሮውን ሰጠ። አጠፋ። ኦክቴን ነው አለኝ። ምንድን ነው አልኩት። የቤንዚን ትዕግሥት ነው አለ። ሞተር ቤንዚኑን ከአየር ጋር አድርጎ ይጨምቀዋል፤ ካንዴላው እሳት እስኪሰጠው ድረስ መታገሥ አለበት። ትዕግሥት የሌለው ሳይጠሩት ይነድና ፒስተኑን ያለጊዜው ይመታዋል። ማንኳኳቱ ያ ነው። ሲያስረዳ መምህር ነው። ደስ አለኝ። ቤት ገብቼ ቃሉን እየቆጠርኩ ጻፍኩት። ኦ-ክ-ቴ-ን።

እስካሁን የላከልኝ ተራው ነበር አለ። አሮጌ ሞተር ግን ከፍ ያለ ኦክቴን ይፈልጋል። እንደ ሽማግሌ ሆድ፣ የተመረጠ ምግብ። ለኤምባሲ መኪኖች ከሚመጣው የሚያካፍለው ሰው አለ። ወደድ ይላል። ይወደድ፣ ለጤናዋ ነው።

ልሄድ ስል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ሹፌርሽን ግን ታምኚዋለሽ?” አለኝ።

መንገዱን ሙሉ አሰብኩት።

ጥቅምት 19፣ ማክሰኞ። ገብርኤል

ከቤ/ክ ስመለስ ማደያው ቤንዚን ገብቶለታል ተባለ። ዘነበ ወረፋ ያዘ። እኔ ወርጄ ከፍ ያለ ኦክቴን አላችሁ ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ቀጂዋ ልጅ አየችኝ። “እማማ፣ ቤንዚን አለ፣ ናፍጣ አለ። ሦስተኛው ውሃ ነው፣ እሱም ዛሬ ጠፍቷል።”

ባጃጆቹ ሁሉ ሳቁ። ተናደድኩ። ሳልቀዳ ወጣሁ። ቤንዚን ባለበት ቀን! ዘነበ ከወረፋው ወጥቶ ነዳ።

ከሰዓት መኮንን ራሱ ይዞ መጣ። ራሱ ቀዳ። እኔ ፊቴን ወደ አጥሩ አዞርኩ። እናቴ ያስተማረችኝ ነው። የሚዜ ስጦታ አይቆጠርም፣ አይሸተትም፣ ሲሰጥም ዓይን አይጣልበትም። ማየት መጠርጠር ነው። “ዛሬም ሙሽራ ነሽ እንዴ?” ብሎ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅሁ።

ደስ የሚል ቀን ነበር፣ ማደያው ባይኖርበት።

ጥቅምት 22፣ ዓርብ

አልተሻላትም። ጧት ለመነሳት ታለቃቅሳለች። ስትነሳ ታጨሳለች። ዳገቱ ላይ ያው ማንኳኳት፣ እንዲያውም ብሶበት።

ዘነበ ዛሬ አፉን ከፈተ። “እትዬ፣ ይህቺ መኪና እንደ እኔ ናት። የተገኘውን ትበላለች። ምርጥ ምርጡን የሚፈልጉት አዲሶቹ ናቸው። ብቻ የምትበላው የተበላሸ አይሁን።” ይህን ብሎ የጄሪካኑን ክዳን ፈትቶ አፍንጫውን ሊያስገባ!

ነጠቅሁት። “የሚዜዬን ዕቃ አታሽት!” አልኩት። ጎረቤት ሰማ። ክዳኑን መልሶ ገጠመና መዝሙር ማንጎራጎር ጀመረ። ጴንጤ ነው። ሲሰድቡት ይዘምራል። የሚያናድደኝ ይህ ነው። የሚሰደብ ሰው ቢሳደብ ምን አለበት?

ጥቅምት 26፣ ማክሰኞ

መኮንን መጥቶ አያት። ከቤንዚን መያዣዋ በቱቦ መጥጦ ቀመሰና ተፋ። ተቀላቅሏል አለ። እኔ የቀዳሁልሽ ይህ አይደለም፤ ሹፌርሽ ደህናውን ለባጃጆች ሸጦ ርካሹን ሞልቶበታል አለ። እኔ አላሸተትኩም። እሱ ከቀመሰው ምን ላሽት?

ዘነበን ጎረቤት እያየ አባረርኩት። አልተከራከረም። መሪውን በጨርቅ ጠረገ። ቁልፉን በሁለት እጁ ሰጠኝ። “እግዚአብሔር ይባርክዎት፣ እትዬ።” ሲባረርም ይባርካል! ሌባ ነው። ሌባ ባይሆን ይጮህ ነበር።

ያን ሰው ቤቴ አብልቼዋለሁ። ሚስቱ ስትወልድ ገንፎ ይዤ ሄጃለሁ። በሰው ማመን ደንቆሮነት ነው። ጻፈው።

መኮንን ሹፌር እስክታገኚ ብሎ ልጁን ናትናኤልን ሰጠኝ። ያገባ፣ የወለደ ሰው ነው። ሥራ ካጣ ቆይቷል። መኮንን አዲስ ጄሪካንም አመጣልኝ። ወንድም ማለት ይህ ነው።

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

ናትናኤል ጨዋ ነው። “እማዬ” ይለኛል። ከባድ አያስነካኝም። ደንበኞቼን ሁሉ በስም ያዛቸው፣ ስልካቸውንም ተቀበለ። ስንት እንደሚወስዱ፣ በምን ቀን እንደሚወስዱ ይጠይቃቸዋል። ዘነበ ይህን አስቦት አያውቅም።

ዛሬ ግን ቆመች። ዳገቱ መሐል፣ ቲማቲም ጭነን፣ በጠራራ ፀሐይ። ከኋላችን ክላክስ። አንዱ ሰውዬ፣ “እናት፣ ይህቺን ወደ ሙዚየም ነው ወይስ ወደ ገበያ?” እያለ አለፈ። ሱቆቹ ጠብቀው ጠብቀው ከሌላ ገዙ። ቲማቲሙ በሳጥኑ ሥር መንጠባጠብ ጀመረ።

መኮንን ደጄ ድረስ አስጎትቶ አመጣት። ኮፈኑን ከፍቶ ብዙ ቆየ። በጨርቅ እጁን እየጠረገ፣ ዓይኔን ሳያይ፣ ሞተሩ አልቋል አለኝ። ያ ሌባ ጨርሷታል፣ ከእንግዲህ የኤምባሲውም ቤንዚን አያድናትም።

ምሳ አልበላሁም። እራትም።

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ

ልሸጣት ነው።

መኮንን ገዢ አግኝቷል። የሞተ ሞተር ዋጋ ነው። ግን ዛሬ ካልሸጥሻት ነገ ቁርጥራጭ ብረት ናት አለኝ። ከሚካኤል ማግስት መጥተው ይወስዷታል። እሺ አልኩ።

ጧት አጠብኳት። የምትሸጥን ነገር ለምን እንደማጥብ እንጃ። ከሹፌሩ ወንበር ሥር አዝራር አገኘሁ። የወልዴ ካኪ ሸሚዝ አዝራር። ትከይልኝ ብሎኝ ነበር፣ ነገ እያልኩ ቀረ። ኪሴ ከተትኩት።

ፓስቲ መጥበሻዬን ከአልጋ ሥር አወጣሁት። ዝጓል። አሸዋ ይዤ ፈተግሁት። በፈተግሁ ቁጥር ዘነበን ረገምኩ።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ። ሚካኤል

ቀስ ብዬ ልጻፍ።

ኅዳር ሲታጠን ነው። ሰፈሩ እንደ ልማዱ ቆሻሻውን ጠርጎ አውጥቶ በየደጁ ከመረ። በሽታው በጭስ እንዲወጣ። ጤዛ አርሶት ኖሮ የእኛ ክምር እንቢ አለ። ጎረቤቴ ብርነሽ ክብሪቷን ጨርሳ፣ “እንደው አስካለ፣ ጠብታ ላምባ አታጪም?” አለችኝ። ላምባ ከተውኩ ስንት ዘመኔ። ግን የመኮንን ጄሪካን ነበር፣ ከታች ትንሽ የቀረበት። መኪናዋ ነገ ልትሄድ፣ ለማን ላስቀምጠው? በጣሳ ቀድቼ ክምሩ ላይ ደፋሁት። ልጆቹን አራቅሁ። ብርነሽንም አራቅሁ። “ዞር በይ፣ ይሄ የኤምባሲ ቤንዚን ነው፣ ቅንድብሽን ይወስደዋል!” አልኳት። ኮርቼ ነበር፣ እግዜር ያሳይህ። ከሩቅ ለኮስኩ።

መጀመሪያ ቦግ አለ። ትንሽ። ከዚያ ተኛ። ቢጫ፣ ረዥም፣ ሰነፍ ነበልባል። ጫፉ ላይ ጥቁር ጭስ። ጥላሸቱ የብርነሽ ነጠላ ላይ አረፈ። “ኧረ አስካለ፣ ኤምባሲውስ በኩራዝ ነው እንዴ የሚያድረው!” ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

እኔ አልሳቅሁም። ያንን ነበልባል ሃያ ዓመት ፊቴ ላይ ይዤው ኖሬያለሁ። ምድጃዬ ነው። ፓስቲዬን የጠበሰው፣ ዓይኔን ያጨሰው። ሽታውም ተከትሎ መጣ። ላምባ። ትንሽ ቤንዚን ጣል የተደረገበት ላምባ።

የቀረውን እጄ ላይ አፈሰስኩት። ቤንዚን እጅ አቀዝቅዞ ይጠፋል። ይሄ አልጠፋም። እንደ ዘይት ተቀመጠ። በሳሙና ታጠብኩ። ይህን ስጽፍም ይሸተኛል።

ይህንን ጄሪካን ዘነበ አልነካውም። ዘነበ ከተባረረ በኋላ ነው የመጣው። ያመጣው መኮንን ነው። ክዳኑን የገጠመው መኮንን ነው።

የጻፍኩትን ደጋግሜ አነበብኩት። ፊደሉ ትክክል ነው። አይለወጥም።

ኅዳር 13፣ ዓርብ

ሳይነጋጋ ገበያ ወረድኩ። ዘነበን አገኘሁት። ጆንያ ተሸክሞ። ጆንያውን ሳያወርድ፣ “እንደምን አደሩ፣ እትዬ” አለኝ። ይቅርታ ልለው ነበር የሄድኩት። “ና” አልኩት ብቻ። ጆንያውን አድርሶ መጣ።

በመኪናዋ ሆድ ያለውን ሁሉ አፈሰሰው። ካንዴላዎቹን አውጥቶ አሳየኝ፣ ጥቁር፣ ኩራዝ ላይ የዋለ ብርጭቆ ይመስላሉ። ጠረጋቸው። ከሚያውቀው ባለ ባጃጅ፣ ማደያ ተሰልፎ ከቀዳው ላይ ትንሽ ተበደረ። ተራ ቤንዚን። የሰፈር።

ተነሳች። ሳል፣ ሳል፣ ከዚያ ደህና። ማደያ ሄድን፣ ተሰለፍን፣ ያው አንዱን ዓይነት ቀዳን፣ ዳገቱን ወጣን። ጆሮዬን ሰጠሁ። ምንም። የጎማ ድምፅ ብቻ። ዘነበ ‘ብዬዎት ነበር’ አላለም። “በላች” አለ።

አልቅሻለሁ። በመስኮት በኩል፣ እንዳያይ።

ስንመለስ ናትናኤል ደጄ ቆሟል፣ ሁለት ምስክር ይዞ። ገዢው የት አለ አልኩት። መሬት መሬት አየ። “እኔ ነኝ፣ እማዬ። አባዬ አልነገረሽም?”

ደንበኞቼን በስም የያዘው። ስልካቸውን የተቀበለው።

አልጮህኩም። አትሸጥም ብዬ በሩን ዘጋሁ።

ኅዳር 15፣ እሑድ። የነቢያት ጾም ገባ

ትናንት ጋራዥ ሄድኩ። ከመኪናዋ ከፈሰሰው በጣሳ ይዤ። ከዛሬ ጀምሮ ስሙን ሙሉ አልጽፍም። መ. ይበቃዋል።

ጣሳውን አፍንጫው ሥር ያዝኩለት። ሠራተኞቹ መፍቻቸውን አስቀመጡ። “ተይ አስካለ፣ ሰው ይሰማል” አለ። ይስማ አልኩ። ወደ ውስጥ ጎተተኝ። አልካደም። ቢክድ ይሻለኝ ነበር።

ላምባ ሞተር ያደክማል እንጂ ቶሎ አይገድልም አለ። መጠኑን አውቄ ነው አለ። ልጁ ቤት ተቀምጦ ሊያብድ ነው፤ አንቺ ደግሞ ብቻሽን ነሽ፣ አርጅተሻል፣ ለባዕድ ከምትሸጫት ለእኛ ትቅር፣ እኛው እንጦርሽ ነበር አለ። እንጦርሽ! ስለምን በግልጽ አልጠየቅኸኝም አልኩት። “እምቢ ትዪኛለሻ!” አለ፣ እንደተበደለ ሰው።

እውነቱን ነው፣ እምቢ እለው ነበር።

ኦክቴኑስ አልኩት። በእሱ አልዋሸሁሽም፣ ትዕግሥት ነው ያልኩሽ እውነት ነው አለ። የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ዘነበን ጠይቄዋለሁ። አሮጌ ሞተር አጥብቆ አይጨምቅም፣ ስለዚህ ተራው ቤንዚን ትዕግሥቱ ይበቃዋል፤ ከፍ ያለው ለእሷ ትርፍ ነው፤ ላምባ ግን ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረበትም። መ. ይህን ሁሉ ያውቃል። ስለ ቤንዚን እውነቱን ነገረኝ፣ ስለ መኪናዬ ዋሸኝ። ውሸቱን በእውነት በጥብጦ ነው የቀዳልኝ፣ እንደ ላምባው።

ስወጣ ከኋላዬ፣ “በጀርባዬ ተሸክሜሻለሁ!” አለኝ። ዞር አላልኩም። ለዚያ ጀርባ ስንት ዓመት አመሰገንኩ።

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ

ሥራ ገባን። ሁለት ሱቅ ለናትናኤል ቃል ሰጥተው ኖረዋል፣ ሌላ መኪና ተከራይቶ ያመጣላቸዋል። የቀሩት አሉ።

ለዘነበ ዛሬ ይቅርታ አልኩት። በሰው ፊት፣ ገበያው መሐል፣ ያባረርኩት በሰው ፊት ነውና። ተሸካሚዎቹ አጨበጨቡ። አንዱ፣ “ዘኔ፣ ደሞዝ ጨምሪ በላት፣ አሁን ነው ጊዜው!” አለ። ዘነበ አፈረ። ጨመርኩለት።

ዳገቱ ላይ አብሬው መዝሙሩን ሳንጎራጉር ራሴን ያዝኩት። ቶሎ ዝም አልኩ። ሚካኤል ይቅር ይበለኝ።

ኅዳር 22፣ እሑድ

ሽማግሌ መጣ። ከዕድሩ ሦስት። መ. ከኋላቸው አንገቱን ደፍቶ። ምን አደርጋለሁ፣ ሽማግሌ ደጅ አይመለስም። አስገባሁ። ወንበር አወጣሁ።

ብዙ ተባለ። የወልዴን ነፍስ አስቢ። ሰይጣን ነው። ጾም ነው። ሁለታችሁም ወደ መቃብር የቀረባችሁ ናችሁ። ይህን ያለው ከሁላችንም የሚያረጀው ነው። መ. ተነስቶ ጉልበቴን ሳመ። መላጣውን ከላይ አየሁት። ሚዜ የሆነ ጊዜ ጎፈሬ ነበረው።

“እግዜር ይቅር ይበልህ” አልኩ። ከልቤ ነው? ግማሹ። ክስም አልከስም፣ ስሙንም በሰፈር አላነሳም። ሽማግሌዎቹ መረቁ። አሜን አልኩ።

በር ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ፣ ቀለል ብሎት፣ “ማደያ ከጠፋ ደግሞ አትቸገሪ። ትልኪብኛለሽ። እኔው አምጥቼ እቀዳልሻለሁ” አለኝ። ሽማግሌዎቹ ደስ አላቸው። ይሄ ነው እርቅ አሉ።

እኔ ጄሪካኑን አንስቼ፣ ባዶውን፣ እጁ ላይ አስያዝኩት። ያንተ ነው አልኩት። ይዞ ሄደ።

ኅዳር 24፣ ማክሰኞ። ጧት

ማደያ። ወረፋው ረዥም። ቀጂዋ ልጅ ከሩቅ አወቀችኝ፣ “እማማ፣ ዛሬስ የትኛው ኦክቴን?”

“ተራው!” አልኳት። ባጃጆቹ ሳቁ። እኔም ትንሽ።

ተራችን ደረሰ። ዘነበ ክዳኑን ከፈተ። እኔ ወረድኩና አጠገቡ ቆምኩ። እጄን ከቱቦው ጫፍ ሥር ዘረጋሁ። ጠብታ ወደቀችበት፣ ቀዘቀዘች፣ ጠፋች። አሸተትኩ። ወረፋው ሁሉ ያየኛል።

ዘነበ ሳቁን ዋጠ። “ማደያውንም፣ እትዬ?”

“ማደያውንም። አንተንም።”

“አሜን” አለ።

ደብተሬ፣ እርቁ እርቅ ነው፣ አላፈርሰውም። እንደ ቀድሞው ሰላምታ እሰጠዋለሁ፣ ቢሞት እቀብረዋለሁ። ግን ይህንን ጻፍልኝ፣ በደማቁ። ከእንግዲህ ሲቀዳልኝ ፊቴን አላዞርም።